ይድረስ ባዮፕሲውን ልተወው ላሉት አንባቢ

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ፕሮስቴት ካንሰርና ስለ አዲሱ የፔት ስካን ምርመራ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጉዳዩን በማንሣታችሁ አመሰግናለሁ፤ በእኔ ዕድሜ ያለ ወንድ ስለዚህ በሽታ ከሐኪሙ ክፍል ውጭ አፉን ሞልቶ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ብዕር ያስነሣኝ ግን በተከታዩ እትም የወጣው የአንድ አንባቢ አጭር ደብዳቤ ነው። እኚህ ሰው ፒኤስኤያቸው (በደም ውስጥ የሚለካው የፕሮስቴት ፕሮቲን) ከፍ ብሎ ባዮፕሲ፣ ማለትም ከዕጢው በመርፌ ናሙና መውሰድ፣ ታዝዞላቸዋል። ጽሑፋችሁን ካነበቡ በኋላ ግን «መርፌውን ትቼ ብርሃኑን እጠብቃለሁ»፣ አዲሱን ምርመራ ማለታቸው ነው፣ ብለው ወስነዋል። ጽሑፉ ምርመራው «እያንዳንዷን የካንሰር ሴል ያጋልጣል» ስለሚል እንዲህ ቢያስቡ አልፈርድባቸውም። ሆኖም ተሳስተዋል፤ ስሕተቱ ደግሞ ሊጎዳቸው ይችላል ብዬ ከልቤ እፈራለሁ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። 34 ዓመት በቀያሽነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ የ67 ዓመት ሰው ነኝ። ስለ ምርመራው የማውቀው ራሴ ተመርምሬበት፣ ከዚያም አንድ ዓመት ሙሉ ሐኪሞቼን እየጠየቅሁ ነው።

የእኔ ነገር የጀመረው ሌሊት ለሽንት ከመነሣት ነው። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ። ዕድሜ ነው ብዬ ተውኩት። ልጄ ናት «አባዬ፣ ዕድሜም ከሆነ ሐኪም ይንገረን» ብላ የወሰደችኝ። ፒኤስኤዬ በሚሊ ሊትር 11.8 ናኖግራም ሆኖ ተገኘ። ሐኪሜ ቁጥሩ ብቻውን የበሽታውን ክብደት እንደማይናገር ገና ያኔ ነገሩኝ፤ የፕሮስቴት ዕጢው በዕድሜ ሲያድግም፣ ኢንፌክሽን ሲኖርም ይጨምራል። ደሜ ከሳምንታት በኋላ በድጋሚ ታየ፤ አልቀነሰም። ኤምአርአይ ተነሣሁ፤ በዕጢው ግራ በኩል አጠራጣሪ ነገር ታየ። ከዚያ ባዮፕሲ ታዘዘ።

ባዮፕሲውን እኔም ፈርቼው ነበር። መርፌው ናሙናውን ሲቆርጥ «ቀጭ» የሚል ድምፅ አለው፤ ድምፁን በሰማሁ ቁጥር ሰውነቴ ይሸማቀቅ ነበር። 14 ጊዜ ቆጠርኩ። ያደነዘዙኝ ስለነበር ከሕመሙ ይልቅ ድምፁ ነው የከበደኝ። ለሁለት ቀን ሽንቴ ደም ቀላቀለ፤ ከዚያ ቆመ። በሳምንቱ ውጤቱ መጣ፤ ከ14ቱ ናሙናዎች 6ቱ ካንሰር አለባቸው፣ የግሊሰን ውጤቱም 4+3 ነው ተባልኩ።

ይህ ቁጥር ለምን እንደሚያስፈልግ ልንገራችሁ፤ ጽሑፋችሁ ሳይነካው አልፏል። ዶናልድ ግሊሰን የተባሉ አሜሪካዊ ፓቶሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የካንሰሩ ሴሎች በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አደራደራቸው ከጤነኛው ምን ያህል እንደራቀ ከ1 እስከ 5 ደረጃ አወጡለት። በብዛት የታየው ደረጃ መጀመሪያ ይጻፋል፤ ቀጥሎ ሁለተኛው ይደመርበታል። 3+4ም 7 ነው፣ 4+3ም 7 ነው፤ ነገር ግን በኋለኛው የከፋው ዓይነት ይበዛል። እኔ የከፋው በበዛበት በኩል ነበርኩ። ይህን የሚነግረን ሥጋው ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። ከውጭ የሚነሣ ምስል፣ የቱንም ያህል የረቀቀ ይሁን፣ የሴሉን አደራደር አያይም።

በሌላ በኩል ባዮፕሲም ጉድለት አለበት። ለመንገድ ሥራ አፈር ሲጠና በየተወሰነ ርቀት ጉድጓድ እናስቆፍር ነበር። ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን በእርግጠኝነት ታውቃለህ፤ በሁለት ጉድጓዶች መካከል ያለውን ግን ትገምታለህ። 14 መርፌም እንዲሁ ነው። ከመርፌዎቹ መካከል ያመለጠ የባሰ ቦታ ሊኖር ይችላል፤ ከዕጢው ወጥቶ የሄደውን ደግሞ መርፌው ከነአካቴው አይደርስበትም። የሞለኪውል ምስል የሚባለው ነገር፣ ማለትም ጽሑፋችሁ ያነሣው የፒኤስኤምኤ ፔት ስካን፣ የተፈለገው ለዚህ ነው።

ፒኤስኤምኤ በፕሮስቴት ሴሎች ገጽ ላይ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። በካንሰር ሴሎች ላይ ይበዛል፤ ካንሰሩ ክፉ በሆነ መጠንም በአብዛኛው መጠኑ እየጨመረ ይሄዳል። ምርመራው የሚሠራው ይህን ፕሮቲን ፈልጎ የሚጣበቅ ትንሽ ሞለኪውል ላይ ጨረር የሚያመነጭ አቶም ተያይዞ በደም ሥር ሲሰጥ ነው። አቶሙ ብዙ ጊዜ ጋሊየም-68 ወይም ፍሎሪን-18 ነው። የመጀመሪያው በ68 ደቂቃ፣ ሁለተኛው በ110 ደቂቃ ገደማ ግማሹ ስለሚያልቅ እስከ ማግስቱ የሚቀረው ከቁጥር አይገባም። ሞለኪውሉ በተሰበሰበበት ቦታ ጨረሩ ይበዛል፤ ማሽኑም ያንን ይስላል።

ከዚህ በፊት የነበረው አሠራር ሲቲ ስካንና የአጥንት ስካን ነበር። ሲቲ የሚያየው መጠንና ቅርጽን ነው፤ አንድ የሊምፍ ዕጢ (ንፍፊት የምንለው) ካላበጠ ካንሰር ገብቶበትም ቢሆን ጤነኛ መስሎ ያልፋል። የአጥንት ስካን የሚያየው ደግሞ አጥንቱ ለጉዳት የሚሰጠውን ምላሽ እንጂ ካንሰሩን ራሱን አይደለም። አብሮኝ ለብዙ ዓመታት የሠራ ጓደኛዬ ከዓሥር ዓመት በፊት በእነዚህ በሁለቱ ተመርምሮ «ከዕጢው አልወጣም» ተብሎ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ፒኤስኤው ወደ ዜሮ መውረድ ሲገባው አልወረደም። ካንሰሩ ቀድሞ ወጥቶ ነበር ማለት ነው፤ በጊዜው በነበረው መሣሪያ ማንም ሊያየው አይችልም ነበር። የእርሱን ነገር ሳስታውስ አዲሱን ምርመራ የሚያንቋሽሽ ሰው አልሆንም።

በአውስትራሊያ በ302 ወንዶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ፕሮፒኤስኤምኤ የተባለው ጥናትም ይህንኑ አሳይቷል። ከባድ ሊሆን የሚችል ካንሰር የተገኘባቸው ሰዎች ሕክምና ከመጀመራቸው በፊት ሥርጭቱን በትክክል በመለየት አዲሱ ምርመራ 92 በመቶ ሲደርስ፣ ሲቲና የአጥንት ስካን ተደምረው 65 በመቶ ላይ ቀሩ። ሰውየው የሚቀበለው ጨረርም ከግማሽ በታች ነበር፤ 8.4 ሚሊ ሲቨርት በ19.2 ፋንታ። ልብ በሉ፤ የጥናቱ ተሳታፊዎች ሁሉ ባዮፕሲያቸውን ጨርሰው የመጡ ናቸው።

እኔም በዚያው ቅደም ተከተል ሄድኩ። በምርመራው ቀን ወጣቱ ባለሙያ መርፌውን በወፍራም የብረት መከለያ ውስጥ ይዞ መጣ። «አባቴ፣ ምንም አይሰማዎትም፤ ብቻ ውኃ በደንብ ይጠጡ» አለኝ። እውነትም ምንም አልተሰማኝም። ከዚያ ብቻዬን አንድ ክፍል ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጥኩ። ልጄ ልትገባ ስትል ከለከሏት፤ ለዚያ ያህል ጊዜ ጨረሩ ከእኔ ይወጣ ነበርና። ከልጄ መራቅ ያለብኝ ሰው መሆኔ በዚያች ሰዓት ከመርፌው ሁሉ ይበልጥ ከበደኝ። በኋላ ሽንቴን ጨርሼ፣ እጆቼን ከራሴ በላይ አድርጌ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ሳልንቀሳቀስ ተኛሁ። ምርመራው ይኸው ነው።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ምስሉ በሲዲ፣ ትርጉሙ በወረቀት ተሰጠኝ፤ የሐኪሜ ቀጠሮ ግን ገና ዘጠኝ ቀን ይቀረዋል። የት እንደሆነ መናገር አልፈልግም፤ ማንንም ለመክሰስ አልጻፍኩም። ማታ በልጄ ኮምፒውተር ሲዲውን ከፈትነው። ጽሑፋችሁ ብርሃን ብሎታል፤ እኔ ያየሁት ግን በነጭ ላይ ጥቁር ሆኖ የተሳለ የገዛ ሰውነቴን ነው። ከጆሮዬ ሥር በሁለቱም በኩል የጠቆረ፣ ከዓይኖቼ አጠገብ የጠቆረ፣ ከወገቤ በላይ ሁለት ትልልቅ ጥቁር ነገሮች፣ ጉበቴ ሙሉው የጠቆረ። «ፊቴ ድረስ ደርሷል» አልኳት። እሷም አላወቀችም፤ ዝም ብላ እጄን ያዘችኝ።

በኋላ እንደተረዳሁት ፒኤስኤምኤ ስሙ የፕሮስቴት ብቻ ይምሰል እንጂ በጤነኛ የምራቅ ዕጢ፣ በእንባ ዕጢ፣ በኩላሊትና በትንሹ አንጀትም ይገኛል። ጉበቴ የጠቆረው ደግሞ እኔ የተሰጠኝ ፒኤስኤምኤ-1007 የተባለው መከታተያ (በደም ሥር የሚሰጠው ጨረር ያለው ሞለኪውል) በአብዛኛው በጉበት በኩል ስለሚወገድ ነው። ፒኤስኤምኤ-11 የተባለው ቢሆን በሽንት ስለሚወጣ ፊኛዬ ይጠቁር ነበር። ይህን ሁሉ አንድ ሰው በአምስት ደቂቃ ሊነግረኝ ይችል ነበር።

ወረቀቱ የባሰ ነበር። ከሌላው ሁሉ አንዲት መስመር ዓይኔ ውስጥ ተሰካች፤ «በግራ ሰባተኛ የጎድን አጥንት ላይ መጠነኛ ክምችት፤ ሥርጭት መሆኑን ማስወገድ አይቻልም»። አጥንት የገባ ካንሰር ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ዘጠኙን ቀን አልተኛሁም። ሰነዶቼን አስተካከልኩ፤ ለልጄ የቤቱ ወረቀት የት እንዳለ አሳየኋት።

በዘጠነኛው ቀን ሐኪሜ ምስሉን ከፍተው ነጥቧን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «በዚህ ጎንዎ ወድቀው ያውቃሉ?» አሉኝ። መጀመሪያ አይ አልኩ። ከዚያ ትዝ አለኝ። ወጣት ቀያሽ ሳለሁ ቴዎዶላይቱን ከነእግሩ ተሸክሜ ቁልቁለት ስወርድ ድንጋይ አዳልጦኝ፣ መሣሪያው እንዳይሰበር ብዬ በግራ ጎኔ ወደቅሁ። ጎኔን ለአንድ ወር አሞኝ ተወኝ። ሐኪም ቤት እንኳ አልሄድኩም። ሐኪሜ አብሮ የተነሣውን ሲቲ በዚያው ቦታ አጉልተው አሳዩኝ፤ አጥንቱ ላይ ድሮ ተሰንጥቆ የገጠመ ጠባሳ አለ። የዳነ ስብራትም እንዲህ ሊያቀልም እንደሚችል፣ በተለይ በዚህኛው መከታተያ ሲሠራ የጎድን አጥንት ላይ ካንሰር ያልሆኑ ነጥቦች ደጋግመው እንደሚታዩ ነገሩኝ።

እኔ ይህን ነገር ማወቅ ነበረብኝ። በአየር ፎቶግራፍ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ስናይ ቤት ነው ብለን ካርታ ላይ አንጽፍም ነበር። ቆርቆሮ ሊሆን ይችላል፣ ድንጋይ ሊሆን ይችላል፣ ፀሐይ የመታው ውኃ ሊሆን ይችላል። ሰው በእግሩ ሄዶ አይቶ ይመለሳል፤ ከዚያ ይጻፋል። በራሴ አጥንት ላይ ሲሆን ግን ይህን ሁሉ ረሳሁት።

አሁን ምስሉ ስለጠቀመኝ ልናገር፤ እጅግ ጠቅሞኛልና። በወረቀቱ ላይ በጎድን አጥንቴ ምክንያት ያላየሁት ሌላ መስመር ነበር። በዳሌዬ ውስጥ፣ በግራ በኩል፣ 6 ሚሊ ሜትር የሆነች አንዲት የሊምፍ ዕጢ በኃይል አቅልማለች። በሲቲ ብቻ ቢሆን በመጠኗ ጤነኛ ተብላ ታልፍ ነበር። ሁለት ነጥቦች፣ አንዱ የድሮ ስብራት፣ አንዱ ካንሰር፤ እኔ በሐሰተኛው እያለቀስኩ እውነተኛውን አላነበብኩትም። ያች 6 ሚሊ ሜትር የሕክምናዬን መንገድ ቀየረችው። በቀዶ ሕክምና ፋንታ ለዕጢውና ለዳሌው የሊምፍ ዕጢዎች የጨረር ሕክምና፣ ከእርሱም ጋር የሆርሞን ሕክምና ተሰጠኝ። ዛሬ ፒኤስኤዬ ከ0.1 በታች ነው።

ስለ ክብደቱም እንዲሁ። ምስሉ ላይ የአንድ ቦታ መቅለም ኤስዩቪ በሚባል ቁጥር ይለካል፤ መከታተያው በመላው ሰውነት እኩል ቢበተን ኖሮ ከሚኖረው አንጻር እዚያ ቦታ ስንት እጥፍ እንደተሰበሰበ ይናገራል። በዕጢዬ ውስጥ ያለው ዋና ቦታ 18 ነበር። ሐኪሜ ይህ ከባዮፕሲው 4+3 ጋር እንደሚስማማ፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ካንሰሩ ከባድ የመሆን ዕድሉ እንደሚጨምር አስረዱኝ። ባዮፕሲው ቀላል ብሎ ምስሉ በኃይል ቢያቀልም ኖሮ መርፌው የባሰውን ቦታ ስቶታል ብለው በዚያ ቦታ ድጋሚ ናሙና ይወስዱ እንደነበርም ነገሩኝ። ሁለቱ እርስ በርስ የሚጠባበቁት እንዲህ ነው።

ተቃራኒው ግን አይሠራም፤ ምስሉ ስላላቀለመ ካንሰር የለም ወይም ቀላል ነው ማለት አይቻልም፤ ደብዳቤ የጻፉት ወንድሜ በተለይ ይህን ያንብቡልኝ። ጥቂት የማይባሉ የፕሮስቴት ካንሰሮች ፒኤስኤምኤን እምብዛም አያወጡም። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ደግሞ ከሁሉም የከፉት ናቸው፤ ሴሉ ከመበላሸቱ ብዛት የፕሮስቴትነት ምልክቱን ጥሏል። እንዲህ ያለው በፒኤስኤምኤ ምስል ላይ ደብዛዛ ሆኖ፣ በስኳር መሳይ መከታተያ በሚሠራው በተለመደው ፔት ስካን ላይ ግን ሊያቀልም ይችላል። ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሆኑ ሥርጭቶችም ከማሽኑ ዓይን ያመልጣሉ። ፕራይመሪ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው የአውስትራሊያ ጥናት ገና ባዮፕሲ ያልተደረገላቸውን፣ ማለትም ልክ እንደ እርስዎ ያሉ 291 ወንዶችን መርምሯል። ከባድ ካንሰር ያለባቸውን በመያዝ ኤምአርአይ ብቻውን 83 በመቶ፣ ከፒኤስኤምኤ ጋር ሲጣመር 97 በመቶ ደርሷል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ሁለቱም ምንም የለም ብለዋቸው በባዮፕሲው ከባድ ካንሰር የተገኘባቸው አምስት ሰዎች ነበሩ። የሌለባቸውን ሰዎች የለባችሁም ብሎ የማሰናበት ብቃቱ ደግሞ ከ53 ወደ 40 በመቶ ወርዷል፤ የእኔን ዓይነት ዘጠኝ ቀን የሚያሳልፉ ሰዎች ይበዛሉ ማለት ነው። አዘጋጁ ሆይ፣ «እያንዳንዷን ሴል» የምትለው ሐረግ መታረም አለባት የምለው ለዚህ ነው።

ጽሑፋችሁ ሳያነሣው የቀረ አንድ ጥቅም አለ፤ የበሽታውን ሥርጭት ካሳየ በኋላ ተመሳሳይ ሞለኪውል ለሕክምናም ይውላል። በጋሊየም ፋንታ ሉቴሽየም-177 ሲያያዝበት ካንሰሩን ፈልጎ ከቅርብ በጨረር ይመታል። ቪዥን በተባለው፣ 831 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት በሽታው የጠናባቸው ሰዎች ዕድሜ በመካከለኛ ስሌት ከ11.3 ወር ወደ 15.3 ወር ረዝሟል። ለዚህ ሕክምና የሚመረጠውም ካንሰሩ በምስሉ ላይ በደንብ ያቀለመለት ሰው ነው። እዚያ ደረጃ ላይ ላለ ሰውና ለቤተሰቡ አራት ወር ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከላይ ያነሣሁት ጓደኛዬ ይህ ሕክምና ሳይደርስለት ነው ያረፈው።

በአንጻሩ የወንድሜ ልጅ ጽሑፋችሁን አንብቦ «እኔም ልነሣው» ብሎኛል። የእርሱ ካንሰር በባዮፕሲ 3+3 ነው፤ ቀላል የሚባለው። ሐኪሙ በየጊዜው እየተመረመረ እንዲጠብቅ ነግሮታል። በብሪታንያ በተደረገው ፕሮቴክት በተባለው ጥናት ካንሰሩ ከዕጢው ሳይወጣ የተገኘባቸው 1,643 ወንዶች ከ15 ዓመት ክትትል በኋላ፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውም ጨረር የወሰዱትም በክትትል የቆዩትም፣ በዚህ በሽታ የሞቱት ከመቶ ሦስት ያህል ብቻ ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ያለ ሐኪሙ ምክር ይህን ምስል ቢነሣ የሚያተርፈው ምናልባት የጎድን አጥንት ላይ አንዲት ነጥብ ነው። ሂድና ሐኪምህን ጠይቅ አልኩት፤ ጠይቆ ተወው።

ምስል ለሚተረጉሙና ለሚያክሙ ባለሙያዎችም አንድ ልመና አለኝ። ወረቀቱን ከሰው ለይታችሁ አትስጡን። «ማስወገድ አይቻልም» የምትለው ሐረግ በእናንተ ቋንቋ ጥንቃቄ እንደሆነች አሁን ገብቶኛል፤ በታማሚ ቋንቋ ግን ሞት ናት። ምስሉን ከማንሣታችሁ በፊትም «የት ወድቀህ ታውቃለህ፣ ምን ተሰብሮብህ ያውቃል» ብላችሁ ጠይቁና ጻፉት። የእኔ ዘጠኝ ቀን በአንዲት ጥያቄ ይቀር ነበር።

እርስዎ ወንድሜ፣ ቀጠሮዎን አይሰርዙ። ባዮፕሲውን ያስደርጉ፤ ፍርሃትዎን ሳይደብቁ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ለማደንዘዝ የሚሰጡት ነገር አለ። ከዚያ ውጤቱ ከባድ ከሆነ የፔት ስካኑ ለእርስዎ ያስፈልግ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ካስፈለገም በየትኛው መከታተያ እንደሚሠራ። ውጤቱን ለመስማት ሲሄዱም ብቻዎን አይሂዱ። እኔ በዚያ ቀን የጎድን አጥንቴ ስብራት መሆኑን ከሰማሁ በኋላ ሌላ ነገር አልሰማሁም፤ ስለ 6 ሚሊ ሜትሯ፣ ስለ ሕክምናው፣ ስለ ቀጣዩ ቀጠሮ የተባለውን ሁሉ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ በደብተሯ ጽፋው ስለነበር ነው ቤት ገብተን ያነበብነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ ቀያሽ አንባቢያችሁ